ዳገት ላይ የሚደክመው ፒክአፕ፦ ከአንድ የመኪና ሻጭ ጋር የተደረገ የምርመራ ክርክር

ይህ ጉዳይ ለምን ተጻፈ

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አውቶሞቲቭ አስተምራለሁ። በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ቤተ ዘመድም ጎረቤትም መኪና በተበላሸበት ቁጥር ይጠራዋል። ብዙ ጊዜ የምጠራው ግን ነገሩ ከረፈደ ነው። ባለመኪናው ብሩን ከፍሏል፣ ዕቃው ተቀይሯል፣ ችግሩ ግን አልሄደም። "ኮምፒውተር ላይ ታይቷል፣ ፖምፓው ነው ብለውኛል" ይለኛል። ምን ታየ? ማን አየው? የት ተጻፈ? ብዬ ስጠይቅ መልስ የለም።

እዚህ የምጽፈው ጉዳይ ሳይረፍድ የደረስኩበት ነው። ክርክሩ መኪናውን ከሸጠው ድርጅት ጋር ነበር። ድርጅቱ አዲስ አበባ ነው፣ የራሱ ትልቅ ጋራዥ አለው። ስሙን አልጠቅስም፤ የሰዎቹንም ስም እንዲሁ። ሰዎቹ ሳይጠቀሱም ከነገሩ ብዙ መማር ይቻላል።

ባለመኪናውና መኪናው

ባለመኪናው ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ የሚሠሩ የእህል ነጋዴ ናቸው። ሐጂ እያልን ነው የምንጠራቸው። ዕድሜያቸው ስድሳን አልፏል። መኪናውን የሚነዳላቸው የወንድማቸው ልጅ ነው። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ይወርዳል፤ በሌላው ቀን ወደ ከሚሴ፣ ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ውጫሌ ይሄዳል። ማሾና ጤፍ ይጭናል።

መኪናው ባለ አራት በር የናፍጣ ፒክአፕ ነው። ከአስመጪው አዲስ ሆኖ ነው የተገዛው። ሰርቪሱን ሐጂ አንድም ጊዜ ሳያዛንፉ እዚያው ድርጅት ነበር የሚያስደርጉት። የዋስትና ጊዜው ችግሩ ከመጀመሩ ትንሽ ቀደም ብሎ አልቋል። ሞተሩ ኮመን ሬል የሚባለው ዓይነት ነው። ፖምፓው የሚገፋው ናፍጣ በከፍተኛ ግፊት አንድ ቱቦ ውስጥ ይጠራቀምና ኮምፒውተሩ ባዘዘው ልክ በኢንጀክተሮቹ በኩል ወደ ሞተሩ ይረጫል። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ የቱቦው ግፊት ከ300 እስከ 400 ባር ገደማ ነው፤ ባር የግፊት መለኪያ ነው። ተጭኖ ዳገት ሲወጣ ግን ከ1,500 ባር በላይ ሊደርስ ይችላል። ይህን ልዩነት አንባቢ ይያዝልኝ፤ የጉዳዩ ቁልፍ እሱ ላይ ነው።

ችግሩ

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ግን አብዛኛው ዳገትና ጥምዝምዝ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ከሚጠጋ ከፍታ ተነስቶ 2,500 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። መኪናው ተጭኖ ይህን ዳገት ሲወጣ መጀመሪያ ደህና ይሄዳል። ትንሽ ቆይቶ ጉልበቱ ድንገት ይጠፋል። የቼክ ኢንጂን መብራት ይበራል፤ ነዳጁን ቢረግጡትም አይሰማም። ከኋላ ሲኖትራክ እየተከተለ በዚያ መንገድ ላይ ጉልበት ማጣት ቀልድ አይደለም።

ልጁ ዳር ይዞ ሞተሩን ያጠፋል። ጥቂት ይጠብቃል። እንደገና ሲያስነሳው መኪናው ምንም እንዳልነካው ሆኖ ይወጣል። አንዳንዴ እስከ ደሴ ድረስ፣ አንዳንዴ ደግሞ እስከሚቀጥለው ዳገት ብቻ። ባዶውን ሐይቅ ደርሶ ሲመለስ ግን አንድም ቀን ታሞ አያውቅም።

የመጀመሪያው ምርመራ

ልጁ መኪናውን አዲስ አበባ ወሰደው። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም፤ ስለዚህ ጉዞው የነዳጅና የአልጋ ወጪ ብቻ አይደለም፣ ሐሳብም አለው። ጋራዡ ደርሶ ችግሩን ለእንግዳ ተቀባዩ ነገረው። ዳገቱን፣ ጭነቱን፣ አጥፍቶ ሲጠብቅ የሚስተካከለውን ሁሉ። ጆብ ካርዱ ላይ፣ ማለትም ለቴክኒሺያኑ በሚተላለፈው የሥራ ማዘዣ ላይ፣ የተጻፈው ግን ሦስት ቃል ነው፦ "ጉልበት ያንሳል፤ ይታይ።"

ቴክኒሺያኑ ያገኘው እነዚህን ሦስት ቃላት ነው። መኪናውን ኮምፒውተር ላይ አገናኘ። ፒ0087 የሚል ኮድ ወጣ። ትርጉሙ በቱቦው ውስጥ ያለው የናፍጣ ግፊት ከሚፈለገው በታች ወርዷል ማለት ነው። ፊልትሮ፣ ማለትም የናፍጣ ማጣሪያውን፣ ቀየረ። የግፊት መለኪያ ሴንሰሩንም ቀየረ፤ ለዚህ ለልጁ በስልክ ነግረውት "እሺ" ብሏል። ኮዱን አጠፋ። ባዶውን መኪና ሰፈር ውስጥ ነድቶ ደህና ነው አለ። ሒሳቡ ከቫት ጋር ተከፈለ። ደረሰኙ ላይ ምርመራውና የእጅ ዋጋው በአንድ መስመር ተደምረው "ምርመራና ጥገና" ተብለው ተጽፈዋል። አሮጌው ሴንሰር አልተመለሰም፤ የምርመራ ውጤት የሚል ወረቀትም አልተሰጠም።

መኪናው ተመልሶ ኮምቦልቻ ላይ ማሾ ጭኖ ዳገቱን ጀመረ። ደሴ ሳይደርስ ያው ችግር ተመለሰ።

እዚህ ላይ ስለ ቴክኒሺያኑ ፍትሐዊ መሆን እፈልጋለሁ። ኮዱን በትክክል አንብቦታል፤ ችሎታም አያንሰውም። ያጠፋው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ችግሩ በሚነሳበት ሁኔታ መኪናውን አላየውም። ሁለተኛ፣ ኮዱን ሳያትም አጠፋው። ኮድ በተመዘገበበት ቅጽበት ኮምፒውተሩ የሞተሩን ዙር፣ የጭነቱን መጠን፣ የሙቀቱን ልክ፣ የመኪናውን ፍጥነት አብሮ ያስቀምጣል። ኮዱ ሲጠፋ ያ መረጃ አብሮ ይጠፋል። ዳገት ላይ ምን እንደሆነ የሚናገር ብቸኛው ምስክር በአንድ ቁልፍ ተሰረዘ ማለት ነው።

ያልሠሩ ሙከራዎች

ልጁ ደወለ። የመጀመሪያው ሰው "ይምጣና እናየዋለን" አለው። በሌላ ቀን ሌላ ሰው አነሳና "ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች ነው፤ አየሩ ስስ ነው" አለው። ይህ መልስ ሐጂን በጣም አናደዳቸው፤ ተገቢ ነበር። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። መኪናው ሲገዛ ጀምሮ ይሠራ የነበረው በዚሁ ከፍታ ላይ ነው። በዚያ ላይ ከፍታ ጉልበት ቢቀንስም ሞተር አጥፍተው ሲጠብቁ አይስተካከልም።

ሦስተኛው ሰው መኪናውን ሳያይ "እንግዲያው ፖምፓው ነው" አለ። የፖምፓው ዋጋ ሲነገር ልጁ ደነገጠ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ምንዛሬ በገበያ መወሰን ከጀመረ በኋላ የመለዋወጫ ዋጋ ምን ያህል እንደወጣ ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። ዕቃው ደግሞ በትዕዛዝ የሚመጣ ነው ተባለ።

ቀጥሎ በትውውቅ ተሞከረ። የሐጂ የንግድ ወዳጅ አዲስ አበባ ነበርና ከድርጅቱ አንድ ኃላፊ ጋር ተነጋገረላቸው። ውጤቱ ቅናሽ ሆነ፤ ፖምፓውን ካስቀየሩ የእጅ ዋጋ አይከፍሉም ተባለ። ሐጂ ሊቀበሉ ነበር። "ሰው ለምኖልኝ እንቢ ብል ነውር ነው" አሉኝ። ትውውቁ ብዙ ደግ ነገር ያመጣል፤ እዚህ ግን ጥያቄውን ቀየረው። ጥያቄው "ምን ተበላሸ?" ነበር። ቅናሹ ሲመጣ "ስንት ይቀነስልን?" ሆነ። ፖምፓው ስለመበላሸቱ ግን ከአንድ የስልክ ቃል በቀር ምንም አልነበረም።

እኔ የተጠራሁት እዚህ ላይ ነው።

ኮድ ስለ ምን ይናገራል

ለሐጂ ያስረዳኋቸው እንዲህ ነው። ደሴ ውስጥ ቧንቧ ሲከፈት ውሃው ቀጠን ካለ ማንም ተነስቶ ቧንቧውን አይቀይርም። ማጠራቀሚያው ጎድሎ ይሆናል፣ መስመሩ ተደፍኖ ይሆናል፣ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ይሆናል። ፒ0087 የሚለውም ይህንኑ ነው። ግፊቱ አንሷል ይላል እንጂ ማን እንዳሳነሰው አይናገርም።

ግፊቱን ሊያሳንሱ የሚችሉት ብዙ ናቸው። ፊልትሮ ሲደፈን፣ ቱቦ አየር ሲስብ፣ የፖምፓው መቆጣጠሪያ ቫልቭ ሲይዝ፣ ኢንጀክተር ናፍጣውን ወደ ኋላ ሲመልስ፣ ታንኩ ውስጥ ያለው ወንፊት ሲዘጋ፣ በመጨረሻም ፖምፓው ራሱ ሲያረጅ። ከእነዚህ ውስጥ በጣም ውዱ ፖምፓው ነው። ርካሾቹን አንድ በአንድ ሳይጥሉ ወደ እሱ መሄድ ምርመራ አይባልም።

የበሽታው ጠባይ ደግሞ ፖምፓውን አይመስልም። ያረጀ ፖምፓ አሥር ደቂቃ ስላረፈ አይታደስም። አንድ ነገር ተስቦ ሲዘጋ፣ ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ ሲለቅ ግን እንዲህ ያደርጋል። ጥርጣሬዬ ታንኩ ላይ ያረፈው ለዚህ ነው። ጥርጣሬ ግን ጥርጣሬ ነው፤ ለድርጅቱ የምንሄደው ማስረጃ ይዘን መሆን ነበረበት።

ማስረጃውን እንደገና መሰብሰብ

ልጁ ደብተር ያዘ። ችግሩ በተነሳ ቁጥር ቦታውን፣ የጭነቱን መጠን፣ ማርሹን፣ የሞተሩን ዙር፣ የሙቀቱን መርፌ፣ ታንኩ ውስጥ ያለውን ናፍጣ፣ ካጠፋው በኋላ ምን ያህል እንደጠበቀ ይጽፋል። አጠገቡ የሚቀመጠው ረዳት ዳሽቦርዱን በስልክ ይቀርጻል። ደሴ ያለ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን በትንሿ የብሉቱዝ ማንበቢያ ኮዱንና አብሮት የተቀመጠውን መረጃ ፎቶ አነሳልን። አደራ ያልነው አንድ ነገር ነው፦ አንብበው፣ እንዳታጠፋው።

ደብተሩ ሲነበብ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየ። ባዶ ሲሆን የለም። ሜዳ ላይ የለም። ተጭኖ፣ ዳገት ላይ፣ ለደቂቃዎች ከተረገጠ በኋላ ይመጣል። አጥፍቶ ሲጠብቁ ይሄዳል። የሞተሩ ሙቀት ሁልጊዜ ጤነኛ ነው።

አንድ ጥያቄ ቀርቶ ነበር። ልጁን "መጥፎ ናፍጣ ቀድታችኋል?" ብዬ ስጠይቀው "የለም" ብሎኝ ነበር። ሌላ ቀን ብቻውን አግኝቼው ጥያቄውን ቀየርኩት። "ማደያ ናፍጣ ሲጠፋ ከየት ነው የምትሞሉት?" አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ተናገረ። ማደያዎቹ ባዶ በሆኑበት ሰሞን በባቲ መንገድ ከጀሪካን ሻጮች ገዝቷል። በተቆረጠ የውሃ ላስቲክ አድርገው ነው የቀዱለት። አጎቱ ይቆጡኛል ብሎ ፈርቷል፤ የጥቁር ገበያ ግዢ ስለሆነም ጋራዡ ውስጥ ሊናገረው አልደፈረም።

"አብሽር፣ ማንም አያስርህም። አሁን የነገርከኝ ግን ከኮዱ ይበልጣል" አልኩት። ለአጎቱ ራሱ ነገራቸው።

ደብዳቤው

እኔና ሐጂ አንድ ነገር ላይ ተከራከርን። የጀሪካኑን ነገር ደብዳቤው ላይ እንጻፍ ወይስ አንጻፍ? እኔ ስጋት ነበረኝ። ድርጅቱ "እንግዲህ ጥፋቱ የእናንተ ነው" ብሎ ሁሉንም በር እንዲዘጋ ምክንያት እንሰጠዋለን ብዬ አሰብኩ። ሐጂ ግን አልተቀበሉኝም። "ልጄ፣ እኛ እየደበቅን እነሱን እውነቱን አውጡ እንዴት እንላለን? ጻፈው፤ አላህ የሚያውቀውን ሰው ቢያውቀው ምን ይሆናል?" አሉ። ተጻፈ።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ብቻ ነው። የተጻፈው ለጥገና ክፍሉ ኃላፊ ነው። መጀመሪያ የመኪናው ሰሌዳ፣ የሻንሲ ቁጥር፣ የገባበት ቀን፣ የደረሰኝ ቁጥር። ቀጥሎ ችግሩ ከነጠባዩ በአጭሩ። ቀጥሎ ከጀሪካን ናፍጣ መሞላቱ። ከዚያ ሦስት ጥያቄዎች። የመጀመሪያው፦ በመጀመሪያው ምርመራ ምን ተለካ፣ ምን ተገኘ፣ በጽሑፍ ይሰጠን። ሁለተኛው፦ መኪናው ተጭኖ ዳገት ላይ ማንበቢያው እንደተያያዘ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደገና ይመርመር፤ ይህ ካልሆነ የምርመራው ክፍያ ይመለስ። ሦስተኛው፦ ፖምፓው ነው የተባለው በምን ልኬት ላይ ተመሥርቶ እንደሆነ ይገለጽልን። በስተመጨረሻ መልስ የምንጠብቅበትን ቀን ጻፍን።

ስለ ሕግ የጻፍነው ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃም ሆነ አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ይህን ጠቀስን። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ደብዳቤው በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት እንደ ማስጠንቀቂያ እንዲቆጠር የሚል ነበር። የ1952ቱ ሕግ በአንቀጽ 1772 ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ሰው አስቀድሞ ለሌላው ወገን ማስጠንቀቂያ መስጠት እንዳለበት ይናገራል። ክስ አላሰብንም። ነገሩ ወደዚያ ቢያመራ ግን መሠረቱ ተጥሎ እንዲገኝ ፈለግን። "እንከሳችኋለን" የሚል ቃል ደብዳቤው ውስጥ የለም። ስድብም ምሬትም የለም። ልጁ "ትንሽ ጠንከር ይበል እንጂ!" ብሎ ነበር። አንጀቱ አሮ ነበርና አልፈረድኩበትም።

ደብዳቤውን በአካል ወስዶ ያስገባው የሐጂ ወዳጅ ነው፤ ያው ቅናሹን ያስገኘው ሰው። ግልባጩ ላይ ገቢ ማኅተም፣ ቀንና ፊርማ አስደረገ። አባሪው የደረሰኙ ኮፒ፣ የደብተሩ ገጾች፣ የኮዱ ፎቶ ነበር። ቪዲዮውን በቴሌግራም ላኩላቸው። ትውውቁ በእርግጥ የጠቀመን እዚህ ነው፤ ደብዳቤው ትክክለኛው ሰው ጠረጴዛ ላይ አረፈ።

እንጦጦ ላይ

ኃላፊው ራሱ ደወለ። የመጀመሪያ ቃሉ የጠበቅኩት ነበር፤ "ቆሻሻ ናፍጣ እኛን አይመለከትም" አለ። እኔም "ልክ ነዎት፤ ቆሻሻ ናፍጣ ከሆነ ታንኩ ይታጠባል፣ ወጪውንም ሐጂ ይከፍላሉ። እናንተ ግን ያላችሁት ፖምፓ ነው። ከሁለቱ የትኛው ነው?" አልኩት። ትንሽ ዝም አለና "መኪናውን አምጡት" አለ።

ዳገቱ ከኮምቦልቻ ውጭም አለ። አዲስ አበባ እንጦጦን የመሰለ መውጫ አላት፤ ጫፉ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ይህንኑ በደብዳቤው ጠቅሰን ነበር። የአሸዋ ጆንያ ተጫነ። ሌላ ቴክኒሺያን ማንበቢያውን አያይዞ አጠገብ ተቀመጠ፤ ልጁ ነዳ። እኔ ከኋላ ወንበር ነበርኩ። ማንበቢያው ላይ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ ኮምፒውተሩ የሚፈልገው ግፊትና በእርግጥ ያለው ግፊት። ታች ላይ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። ዳገቱ ሲገፋ ሁለተኛው ወደ ኋላ ቀረት ማለት ጀመረ። ከዚያ ወረደ። መብራቱ በራ፣ ጉልበቱ ጠፋ።

ቴክኒሺያኑ ደስ አለው። ይህን የምለው በምስጋና ነው። የታመመውን ነገር በዓይኑ ያየ ባለሙያ ፊቱ ይታወቃል። አጥፍተን ጠበቅን፣ አስነሳን፣ ቁጥሮቹ ተመልሰው ተገጣጠሙ። "ይሄ ፖምፓ አይደለም፤ ከመሳቢያው በኩል ነው" ያለው እሱ ነው፤ እኔ አልተነፈስኩም።

ጋራዥ ተመልሶ ማረጋገጫውን በራሱ መንገድ አደረገ። የፖምፓውን መሳቢያና መመለሻ ቱቦ ከታንኩ አላቅቆ ጭነቱ ላይ በደንብ በታሰረ ንጹሕ ጀሪካን ውስጥ ከተተ። በዚያው ዳገት በዚያው ጭነት ወጣን። ግፊቱ ንቅንቅ አላለም። ፖምፓው ነፃ ወጣ።

ታንኩ ሲወርድ የተገኘው ፌስታል ነው። የመዳፍ ስፋት ያለው ስስ ቁራጭ፣ ከጥቂት ጭቃ ጋር። ጀሪካን ሻጮች ክዳኑ እንዳያፈስ ፌስታል ደርበው እንደሚዘጉት እዚህ አገር የማያውቅ የለም። ሲከፍቱት ተቀዶ ከናፍጣው ጋር ገብቷል። ሞተሩ ብዙ ናፍጣ ሲስብ ፌስታሉ ወንፊቱ ላይ ይለጠፋል፤ ሞተሩ ሲጠፋ መሳቡ ይቆምና ይለቃል። ባዶውን ሲነዳ መሳቡ ደካማ ስለሆነ አይደርስበትም። ፊልትሮው ንጹሕ የነበረውም ለዚህ ነው፤ ፌስታሉ እዚያ አልደረሰም።

የገንዘቡ ነገር

ታንክ ማውረድና ማጠቡን ሐጂ ከፈሉ፤ አልተከራከሩም። የሁለተኛው ምርመራ ክፍያ አልተጠየቀም። የመጀመሪያው ምርመራ ክፍያም ከታንኩ ሒሳብ ላይ ተቀነሰ። ፖምፓው አልተገዛም፤ ትልቁ ትርፍ እሱ ነው።

ያላገኘነው የሴንሰሩን ዋጋ ነው። ድርጅቱ "የገጠምነው አዲስ ዕቃ ነው፣ በስልክም ፈቃድ አግኝተናል" አለ። አሮጌው ሴንሰር በእጃችን ቢኖር ጤነኛ እንደነበረ ማሳየት እንችል ነበር። የለም። የመጀመሪያው ምርመራ ስንት እንደሆነም መነጋገር ነበረብን፤ ደረሰኙ ላይ ከእጅ ዋጋ ጋር ስለተደመረ ቁጥሩን ያወጡት እነሱ ናቸው፤ እኛ የምናመሳክርበት አልነበረንም። የጉዞው ወጪና ያመለጡት የባቲ ገበያዎች ደግሞ ማንም ያልከፈላቸው ኪሳራ ሆነው ቀሩ። የመጀመሪያው ምርመራ በጽሑፍ ይሰጠን ያልነውም አልመጣም። ኮዱ ተሰርዟልና ሊጽፉት የሚችሉት አልነበራቸውም።

ለሌላ ባለመኪና

ከዚህ ጉዳይ የምወስደው ዋና ነገር የጥያቄው ቅደም ተከተል ነው። ከጋራዥ ጋር የተጣላ ሰው ቀድሞ ወደ ገንዘቡ ይሄዳል፤ ይመለስልኝ፣ ይቀነስልኝ ይላል። ገንዘብ ሲነሳ ሁለቱም ወገን መከላከል ይጀምራል። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት "ምን ለክታችሁ ምን አገኛችሁ?" ነው። መልስ ካለ ሁለታችሁም ትጠቀማላችሁ። መልስ ከሌለ የገንዘቡ ክርክር ራሱ ይቀላል፤ ለምን እንደተከፈለ የማይታወቅ ክፍያ ነውና።

ጋራዥ ውስጥ የሚሰማው ሰውና የሚጠግነው ሰው አንድ አይደሉም። በመካከላቸው ያለው ድልድይ ጆብ ካርዱ ብቻ ነው። ስለዚህ ችግሩን በራሳችሁ ወረቀት ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱና ከካርዱ ጋር ይታሰርልኝ በሉ። መቼ ይመጣል፣ መቼ አይመጣም፣ ምን ሲደረግ ይሄዳል። "መቼ አይመጣም" የሚለውን ሰዎች ይረሱታል። እኛን ግን ከማንኛውም በላይ የረዳን እሱ ነው። ችግሩ መንገድ ላይ ብቻ የሚታይ ከሆነ ደግሞ "ቴክኒሺያኑ አብሮኝ ይነዳ" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ጋራዡ ባለበት ከተማ ያንን መንገድ የሚመስለውን ራሳችሁ ጠቁሙ።

መኪና የሚልኩ ባለንብረቶች ስለ ሾፌሩ ያስቡ። ልጁ የሚያውቀው ነገር ሁሉ መጀመሪያውኑ ቢነገር ፌስታሉ በመጀመሪያው ጉዞ ይወጣ ነበር። የደበቀው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ቁጣ ፈርቶ ነው። ናፍጣ በሚጠፋበት አገር ሾፌር የት እንደቀዳ ያለ ፍርሃት መናገር መቻል አለበት። ሐጂ አሁን የሚሉት "ከየትም ቅዳ፣ ግን ንገረኝ" ነው። ቀድቶ ሲመጣም በጨርቅ ሳያጣራ ወደ ታንኩ አይጨምርም።

ዕቃ ይቀየር ተብሎ በስልክ ስትጠየቁ "እሺ" ከማለታችሁ በፊት ሁለት ነገር በቴሌግራም እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ፦ ዕቃው ለምን እንደተጠረጠረና ችግሩ ባይፈታ ምን እንደሚደረግ። መኪናውን ስትረከቡ አሮጌውን ዕቃ ተቀበሉ፤ ደረሰኙም ምርመራውን፣ ዕቃውንና የእጅ ዋጋውን በየመስመሩ ይለይ። የኮዱን ገጽ ሳያጠፉ በፊት ፎቶ እንዲያነሱላችሁ አደራ በሉ። ለእኔ ተማሪዎች ይህ አሁን የልምምድ ሕግ ነው፤ የተሰረዘ ኮድ ፎቶ ያላመጣ ተማሪ ሥራውን እንዳልሠራ ይቆጠራል።